ባዶ እግር በጋለ አስፋልትና በቀይ አፈር ላይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ስለ ባዶ እግር ሩጫ በተነሣ ቁጥር የኢትዮጵያዊ ሐሳብ በቅድሚያ የሚያርፈው በሮማ ከተማ ላይ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲመሽ፣ በአገር ቤት የአዲስ ዓመት ዋዜማ በሚከበርበት ሰዓት፣ የክብር ዘበኛ ባልደረባ የነበረው አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ያለ ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በአንደኛነት ፈጸመ። እስከዚያን ዕለት ድረስ ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የጨረሰ አልነበረም። ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ሲሆን፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ።

የድሉ ክብር የሰውየው ነበር። ዘመን ባለፈ መጠን ግን ከክብሩ ከፊሉ ከሰውየው ወደ እግሩ፣ ከእግሩም አልፎ ወደ እግሩ ባዶነት የተላለፈ ይመስላል። ዛሬ በከፋ ዞን፣ በዴቻ ወረዳ፣ በማንኪራ ደን ዳር የሚኖረውን ገበሬ ጫማ እንዲያደርግ የሚመክር የጤና ሠራተኛ፣ አበበም በባዶ እግሩ ዓለምን ማሸነፉን የሚያስታውስ መልስ ቢሰጠው የሚያስገርም አይሆንም። ይህም መልስ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የሰው ልጅ እግር ያለ ጫማ ምን ያህል ሊችል እንደሚችል ከሮማ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መልሱን በአክብሮት ተቀብሎ መመርመር ይገባል። ያ እግር በዚያ ምሽት የረገጠው ምን ነበር? በየትኛውስ ሰዓት ረገጠው? የማንኪራው ገበሬ እግር በየቀኑ የሚረግጠው ከዚያ ጋር አንድ ነውን?

በመጀመሪያ ስለ ሙቀት። የአየሩ ሙቀትና የመንገዱ ሙቀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥቁር አስፋልት ከሚያርፍበት የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን ውጦ ጥቂቱን ብቻ ስለሚመልስ፣ ከላዩ ካለው አየር እጅግ አብልጦ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ፀሐያማ ቀን የአስፋልቱ ገጽ 52 ዲግሪ ያህል፣ አየሩ 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 57 ዲግሪ ያህል ደርሷል። 25 ዲግሪ ማለት እኮ በአዲስ አበባ ማንም ሰው ሙቀት በዛብኝ ብሎ የማያማርርበት የበጋ ቀትር ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ለምሳሌ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ የጎጀብን ሸለቆ በሚያቋርጥበት ሥፍራ፣ ነገሩ ከዚህ ይብሳል።

ቆዳን የሚያቃጥለው ግን የሙቀቱ መጠን ብቻ አይደለም። ሞሪትዝና ሄንሪክስ የተባሉት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጡት ጥናት የቆይታው ጊዜም እኩል ወሳኝ መሆኑን አሳይተዋል። 44 ዲግሪ የሞቀ ነገር ቆዳን ለማቁሰል 6 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ 60 ዲግሪ ለሆነው 5 ሴኮንድ ይበቃዋል። በሌላ አነጋገር፣ በጋለ አስፋልት ላይ የእግር ዕጣ የሚወሰነው ባለቤቱ በቆመበትና በሮጠበት ልክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ብናደርግ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱን የሚነካው ለሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በደቂቃ 180 እርምጃ እንደሚራመድ ቢቆጠር፣ በ135 ደቂቃ ውስጥ ከ24,000 እርምጃ በላይ፣ ለእያንዳንዱም እግር ከ12,000 በላይ ይደርሰዋል። እንግዲህ አንዱ እግር ከጠቅላላው ጊዜ ከመሬት ጋር የሚገናኘው 40 ደቂቃ ለማይሞላ ወይም በጥቂቱ ለሚበልጥ ጊዜ ነው ማለት ነው። 40 ደቂቃ በ52 ዲግሪ ላይ ቢቆም ኖሮ ቆዳው ፈጽሞ ባልተረፈ ነበር። ነገር ግን ይህ ጊዜ በ12,000 ቁራጭ የተከፋፈለ ነው። በየመካከሉም እግሩ በአየር ላይ ሆኖ በመጠኑ ይቀዘቅዛል። ከዚህ የተነሣ በጋለ መንገድ ላይ አስቀድሞ የሚጎዳው ሯጩ አይደለም። አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚቸረችረው ልጅ፣ ወድቆ ለመነሣት ያቃተው ሽማግሌ ከእርሱ ይቀድማሉ። ልጆች ጫማ ሳያደርጉ አስፋልት ሲያቋርጡ ዘለል ዘለል ማለታቸው ጨዋታ ይመስላል እንጂ በእርግጥ የቆይታውን ጊዜ ማሳጠራቸው ነው። ማንም ሳያስተምራቸው የሃርቫርዶቹን ሕግ ያውቁታል።

ከልጅነት ጀምሮ ያለ ጫማ የኖረ እግር ደግሞ መጅ ያወጣል። ይህ የሞተ ወፍራም ቆዳ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ለስላሳ እግር ውሃ በሚቋጥርበት መንገድ ላይ መጅ ያለው እግር ጥቂት ይታገሣል። ቀድሞ ሊቃውንቱ መጅ የእግርን የመዳሰስ ስሜት ያደነዝዛል ብለው ይገምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ በኬንያና በአሜሪካ የተካሄደ ጥናት ግን እንዲህ እንዳልሆነ አሳይቷል። ባለ መጁ እግር ከመሬቱ የሚመጣውን ንክኪ እንደ ሌላው ሁሉ ያውቀዋል። ተፈጥሮ የሠራችው ጫማ፣ ሰው ከሠራው ወፍራም የጎማ ጫማ በዚህ በኩል ሳይሻል አይቀርም። ይሁን እንጂ መጅም ወሰን አለው። በውሃ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ በተረከዝ በኩል ይሰነጠቃል። ይህ ስንጥቅ ኋላ የሚነሣ ነገር ስለ ሆነ ከወዲሁ ልብ ይባል።

ለማኅበሩ አባላት የበለጠ የሚያሳስበው ግን የማይሰማው እግር ነው። የስኳር በሽታ ነርቡን ያደነዘዘበት ወይም የሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጠፋበት ሰው፣ የጋለውን መንገድ እንደ ቀዝቃዛው ይራመድበታል። ማቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ቤቱ ገብቶ እግሩን ሲያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ለሕሙማኑ የሚሆን ጫማ ለማዘጋጀት የደከመው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመም ጠላት ነው ይባላል። በእግር ጉዳይ ግን ጠባቂ ነው።

ወደ ሮማ እንመለስ። የሮማ የመስከረም መባቻ ሙቀት ቀላል አይደለም። አዘጋጆቹም ይህን ስለሚያውቁ የማራቶኑን መነሻ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አደረጉት። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም በሐምሌ ፀሐይ በተደረገው ማራቶን ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በመንገድ ላይ ወድቆ በማግሥቱ ሞቷል። ስለዚህ አበበ በካፒቶል ኮረብታ ሥር ሲነሣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። በአፒያ ጥንታዊ መንገድ ሲመለስ ጨልሞ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በግራና በቀኝ ያበሩለት ነበር። በቆንስጣንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲገባ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት የተጠጋ ነበር። ቀን የጋለ ድንጋይ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱን ይይዛል። ቢሆንም ጨረሩ ከተቋረጠ ቆዳን ወደሚያቃጥለው ደረጃ አይደርስም። እንግዲህ በዓለም የታወቀው የባዶ እግር ድል በጋለ መንገድ ላይ የተገኘ ድል አልነበረም። የመንገዱ ግለት ያበረደው በአዘጋጆቹ ሰዓት ነው። ይህን መናገር ከአበበ ክብር ቅንጣት አይቀንስም፤ ያ እግር ያሸነፈው ርቀቱንና ተወዳዳሪዎቹን እንጂ ቀትሩን እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው።

በነገራችን ላይ፣ አበበ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ከራዲ ተለይቶ የገሠገሠው ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅለው በወሰዱት ሐውልት አካባቢ መሆኑ በብዙ ተጽፏል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አርፏል።

አበበ ያለ ጫማ የሮጠው ጫማን ንቆ አልነበረም። ለውድድሩ የተገኙት ጫማዎች ለእግሩ አልተስማሙትም። በልምምድም ያለ ጫማ መሮጥ ለምዶ ነበርና ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክሮ የተስማማውን መረጠ። ከሮማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ግንቦት ላይ በአቴና ያለ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ይህም የመጨረሻው የባዶ እግር ማራቶኑ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በጃፓን፣ በኦሳካ ለተደረገው ውድድር ሲሄድ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው የጫማ ፋብሪካ ባለቤት በመንገዱ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ሊኖር እንደሚችል አስረድቶ ጫማ እንዲያደርግ አግባባው። አበበም አድርጎ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በመጨረስ የራሱን የሮማ ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። የባዶ እግሩ ሥዕል በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሲሰቀል የቶኪዮው ሥዕል አብሮ አለመሰቀሉ ያሳዝናል።

የኋለኛው ዘመን ሯጮችም ቢሆኑ፣ ምንም ዓይነት ጫማ ቢያደርጉ፣ ሙቀት እንዳልተረታ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የተጀመረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። እንዲያም ሆኖ ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠዋል። ከእነርሱም ውስጥ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ነበሩበት። ከጥቂት ቀን በኋላ በወንዶቹ ውድድር ግን ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ለቶኪዮ የ2020 ኦሊምፒክ የታሰበው ማራቶን ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ወደ ሰሜናዊቱ ሳፖሮ ተዛውሯል። ይህን ያህል ስለ ሙቀት ይበቃል።

አበበ የረገጠው የአፒያ መንገድ የተነጠፈው በጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ በወጣ ባዛልት ነው። የከፋ ደጋም በጥንት ዘመን በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሠራ አገር ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው። በሮማ ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ተገጥሞ፣ ጠጣር እንደ ሆነ ቆይቷል። በከፋ ግን ዘመናት ያላቋረጠ ዝናብና ሙቀት ድንጋዩን አበስብሰው ወደ ቀይ ሸክላ አፈር ለውጠውታል። የድንጋዩ ዘር አንድ ነው። አንዱ እግር ሊያቆስል ይችላል እንጂ ወደ እግር ውስጥ አይገባም። ሌላው ግን ለዓይን የማይታይ ደቃቅ ሆኖ በቆዳው ስንጥቅ ይገባል።

ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን ደን የከበባት ከተማ ናት። የቡና መገኛ መሆኗ የሚነገርላት ማንኪራ ከዚህ ደን መካከል ስትሆን፣ አካባቢው በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሌላው ዓለም በጋ ብሎ ፀሐይ በሚሞቅባቸው በሐምሌና በነሐሴ ወራት ማንኪራ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ናት። ስለ ጋለ መንገድ የሚነገረው ሁሉ እዚያ ሥፍራ እንግዳ ነው። ከዛፍ በረገፈ ቅጠል የተሸፈነው የደኑ ወለል ለእግር ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። የጫካ ቡና የሚለቅም ሰው በዚያ ላይ ያለ ጫማ ሲሄድ የሚሰማው ምቾት እንጂ ሥቃይ አይደለም። ከደኑ ወጥቶ ወደ እርሻው ሲገባ ግን ቀዩ አፈር ይቀበለዋል። ያም ቢሆን አያቃጥልም፣ አይወጋም።

ነገሩ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚታየው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው የቆላ ዝሆኔ ጋር ተደባልቆ ይቆጠር ነበር። ዑመን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት በአገሪቱ ልዩ ልዩ ገበያዎች የሚመላለሰውን ሰው እግር በማየት ቈጥሮ፣ ከ100 ገበያተኛ ወደ 3 የሚጠጋው ይህ እብጠት እንዳለበት አገኘ። ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ገበያ ወርዶ እግር መቍጠር ብልህ ዘዴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ብዙውን በዚህ ላይ ተመሥርቷል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ በሽታው ከትንኝም ከትልም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ፣ የዓመት ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመነጨ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት አገር፣ ያለ ጫማ በሚሄዱ ሰዎች ላይ ብቻ እንደሚገኝ አረጋገጠ። ስሙንም ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። የከፋ ደጋ ከፍታው፣ ዝናቡና አፈሩ ከዚህ መግለጫ ጋር በሚገባ ይገጥማሉ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ሲሊካና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ፣ በተለይም በተሰነጠቀው፣ ዘልቀው ይገባሉ። ባዕድ ነገር የሚውጡት የሰውነት ሕዋሳት ያነሷቸውና በሊምፍ መሥመር ሽቅብ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ፕራይስ በብሽሽት ካለው ንፍፊት እነዚህን ቅንጣቶች አውጥቶ መርምሯል። ሕዋሳቱ የዋጡትን ሊፈጩት ስለማይችሉ መሥመሩ ይቈጣል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙውን ጊዜ እብጠቱ ከጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉ እምብዛም ነው። ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን እኩል አያደርጋቸውም። የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ማብቂያና በወጣትነት ዕድሜ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት በጣት መካከልና በእግር ፊት የሚሰማ ማሳከክ ነው። ከዚያም እግሩ እሳት እሳት ይላል፣ በተለይ ሌሊት። ይህ ማቃጠል ከሐኪም ይልቅ ለሕመምተኛው በመጀመሪያ የሚገለጽ ነውና፣ አንድ ወጣት እግሬን ያቃጥለኛል ብሎ ሲመጣ ምን ረግጠህ ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በማንኪራ የጋለ አስፋልት ላይ አልቆመም። የረገጠው ከዓመታት በፊት ጀምሮ በየቀኑ ሲረግጠው የኖረው ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ነው። ጋለ መንገድ ወዲያው ጮኾ ያስጠነቅቃል፤ ሰውም እግሩን ያነሣል። ቀዩ አፈር ግን ከረገጠው ሰው ዓመታት ዘግይቶ ነው መልስ የሚሰጠው። በዚያን ጊዜ ሕመምተኛው ሕመሙን ከአፈሩ ጋር የሚያያይዝበት ምክንያት አይኖረውም። እባብ ረግጦ ይሆናል፣ የዘር ነው፣ ርግማን ነው ይባላል።

የዘር ነው የሚለው ፈጽሞ ስሕተት አይደለም። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚያውቅባቸው ዘረ መሎች አንዳንዶቹ አንዱን ሰው ከሌላው ይልቅ ለበሽታው ተጋላጭ እንደሚያደርጉት ታይቷል። ስለዚህ አንድ አፈር ከረገጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሊታመም ሌላው ሊድን ይችላል። ኅብረተሰቡ ከዚህ የሚያወጣው ድምዳሜ ግን ጎጂ ነው። ሕመምተኛ ካለበት ቤተሰብ ጋር ጋብቻ እንዲፈራ፣ ልጁም ከትምህርት ቤት እንዲቀር ያደርጋል። ይህ ዘረ መል ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ አድርጎ ካደገ በሽታው አያገኘውም። ጥፋቱን የሚፈጽሙት ዘሩና አፈሩ ተባብረው ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማስቀረት ይቻላል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ በ2005 ዓ.ም. ግድም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት በሽታው በ345 ወረዳዎች ውስጥ ተገኝቷል፤ የሕመምተኞቹም ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ተገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም. ገደማ የወላይታው የኢኮኖሚ ጥናት እንደገለጸው አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን ያጣል። በደጋ አገር እግሩን ያጣ ገበሬ በሬውም ሞፈሩም እያለው መሬቱን ለሌላ ያስርሳል።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። በገጠር የተለመደ አንድ ነገር አለ። ሰው ወደ ገበያ ወይም ወደ ከተማ ሲሄድ ጫማውን በእጁ ይዞ ወይም በትከሻው አንጠልጥሎ ጭቃውንና አቧራውን በባዶ እግሩ ይሻገራል። ከከተማው በር ሲደርስ በወንዝ ውሃ እግሩን ታጥቦ ጫማውን ያደርጋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ጫማው ውድ ነው፣ ጭቃውም ያበላሸዋል፣ በከተማም ባዶ እግር ያሳፍራል። እንግዲህ አስፋልቱ ላይ ጫማ ይደረጋል፣ ቀይ አፈሩ ላይ ይወለቃል። ከጤና አኳያ ሲታይ ግን መሆን ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነበር። የቦንጋ አስፋልት ቢበዛ ለጥቂት ደቂቃ ይለበልባል፤ ገበሬው በመጣበት ጥርጊያ መንገድ ላይ ያለው አፈር ግን ከእግሩ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮንጎ ጫማም ሆነ ከጎማ የተሠራው በረባሶ፣ ቢደረግ ይሻላል፤ በረባሶ ግን ከላይ ክፍት ስለ ሆነ ጭቃውን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። በእርሻ ላይ፣ እንሰት ሲተከል፣ ቡና ሲለቀም የሚደረግ ዝግ ጫማ ነው የሚፈለገው። ይህም ለበዓል ከሚቀመጠው ጫማ የተለየ ሁለተኛ ጫማ ማለት ነው። ሁለተኛ ጫማ የመግዛትን ነገር ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ በቀላሉ የሚመክር ሰው በመጀመሪያ የቤተሰቡን የእግር ብዛት ይቁጠር።

ይህ ካልሆነ ታጥቦ መግባት አለ። ከእርሻ ሲመለሱ እግርን በውሃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፤ ከላይ በመጅ ነገር የተነሣው የተረከዝ ስንጥቅ እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል፣ ለአፈሩ የተከፈተው በር እርሱ ነውና። ሙጃሌም በዚያው ይጠበቃል። ለታመመውም የሚደረገው ሕክምና ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በየቀኑ ማጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ዝግ ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የታተመው ጥናት፣ ይህን ቀላል እንክብካቤ ያገኙት ትኩሳትና ሥቃይ የሚያመጣው ድንገተኛ ቍጣ በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ሲመላለስባቸው፣ ላላገኙት ግን 24 ጊዜ ያህል መሆኑን አስታውቋል። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው በሽታውን ላላየ ሰው ነው። እያንዳንዱ ቍጣ ሕመምተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል።

ያበጠ እግር በገበያ በሚሸጥ ጫማ ውስጥ አይገባም። በወላይታ ከቀድሞ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ ጫማ ሰፊነት ተምረው ለሌሎች ሕመምተኞች በልክ ይሰፋሉ። የእነዚህን ሰዎች ሙያ በከፋም ሆነ በሌላው ደጋ ለማስፋፋት የሚያስብ ቢኖር፣ ስለ ልኩ ጊዜ አንድ ነገር ይወቅ፤ እብጠቱ ሳይቀንስ የተለካ ጫማ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሰፋል፣ የሰፋም ጫማ ጭቃ ያስገባል። ስለዚህ እግሩ በቅድሚያ ለሳምንታት ይታጠባል፣ ይታሰራል፣ እብጠቱ ሲረጋ ይለካል፤ የግራውና የቀኙም ልክ ስለሚለያይ ሁለቱ በየብቻቸው ይጻፋሉ።